የሐላል ምልክቱን አየን፤ ዝርዝሩንስ አነበብነው?

የብሪታንያ የምግብ ደረጃዎች ኤጀንሲ እ.ኤ.አ. በ2025 «የዱባይ ቸኮሌት» እየተባሉ ከውጭ በሚገቡ አንዳንድ ምርቶች ላይ ማስጠንቀቂያ አውጥቷል። ማሸጊያቸው ላይ ያልተጻፈ ኦቾሎኒና ሰሊጥ ሊኖርባቸው እንደሚችል ገልጾ፣ የምግብ አለርጂ ያለባቸው ሰዎች እንዳይመገቧቸው መክሯል። በጀርመን የባደን ቩርተምበርግ ግዛት የምግብ ቁጥጥር ቤተ ሙከራም በመረመራቸው ተመሳሳይ ቸኮሌቶች ውስጥ ያልተገለጸ ሰሊጥ አግኝቷል።

ይህ ዜና ለእኛ ሩቅ አይደለም። ቸኮሌቱ መጀመሪያ የተሠራው እ.ኤ.አ. በ2021 ዱባይ ውስጥ ነው። በ2023 መጨረሻ በቲክቶክ ከተሰራጨ በኋላ አስመሳዮቹ በየአገሩ በዙ። ከባሕረ ሰላጤው አገሮች ለእረፍት በሚመጣ ዘመድ ሻንጣ ውስጥ፣ ለዒድ በሚላክ ስጦታ ውስጥ ጣፋጭ ነገር አይጠፋም። አንዱን ቸኮሌት ብቻ ፈታትተን እንየው። ክር መሳዩ ሊጥ ስንዴ ነው። መሙያው ፒስታሽዮና ጣሂና፣ ማለትም የተፈጨ ሰሊጥ ነው። ቸኮሌቱ ወተት አለበት። ማያያዣው ብዙውን ጊዜ ከአኩሪ አተር የሚወጣ ሌሲቲን ነው። አምስት የአለርጂ መነሻዎች በአንዲት ጉርሻ ውስጥ ተሰብስበዋል ማለት ነው። አምስቱም ደግሞ በሐላልነታቸው ማንም ጥያቄ የማያነሳባቸው ናቸው።

ጉዳዩ ያለው እዚህ ላይ ነው። ቸኮሌቱ ላይ የተለጠፈው የሐላል ምልክት እውነተኛ ሊሆን ይችላል። ለጤነኛ ሰው ምንም አያደርግም። ሰሊጥ ለማይስማማው ሕፃን ግን ያው ሐላል ቸኮሌት በደቂቃዎች ውስጥ ትንፋሽ ሊያሳጣው ይችላል። ምልክቱ የተጠየቀውን መልሷል፤ ይህንን ጥያቄ ግን ማንም አልጠየቀውም።

አንድ ዝርዝር፣ ሁለት ጥያቄ

የታሸገ ምግብን አገላብጦ በማንበብ ረገድ ሙስሊሙ ማኅበረሰብ ልምድ አለው። ጀላቲኑ ከምን እንስሳ ነው? ቅባቱ የአትክልት ነው ወይስ የአሳማ? ማጣፈጫው አልኮል አለበት? እነዚህን ጥያቄዎች እናቶቻችን ሳይቀሩ በየሱቁ ይጠይቃሉ። በ«ኢ» ፊደል የሚጀምሩትን የተጨማሪ ንጥረ ነገሮች ቁጥሮች በስልኩ መዝግቦ የሚዞር ወጣትም ብዙ ነው። ይህ ትልቅ ሀብት ነው። የጎደለው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ለሃይማኖታችን ብለን የምናነበውን ያንኑ ዝርዝር ለአካላችንም ብለን ማንበብ።

ሁለቱ ጥያቄዎች ብዙ ጊዜ የሚገናኙት በአንድ ቃል ላይ ነው። ኢ120 ወይም ካርሚን የሚባለውን ቀይ ቀለም እንውሰድ። ከነፍሳት ስለሚሠራ የሐላልነቱ ነገር በሙስሊሞች ዘንድ ሲያነጋግር ኖሯል። የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር ከ2011 ጀምሮ በስሙ ተለይቶ እንዲጻፍ ያስገደደው ግን በአንዳንድ ሰዎች ላይ ከባድ አለርጂ ስለሚቀሰቅስ ነው። ኢ322 ሌሲቲን ነው፤ ከአኩሪ አተርም ከእንቁላልም ሊወጣ ይችላል። አንዳንድ አይብ ውስጥ የሚገባው ኢ1105፣ ላይሶዛይም የሚባለው፣ በአብዛኛው ከእንቁላል ነጩ ክፍል የሚወጣ ነው።

እንዲያውም የሐላልነት ጥያቄ የተመለሰበት መንገድ ራሱ ሌላ ጥያቄ የሚያመጣበት ጊዜ አለ። የአሳማ ጀላቲንን ለመተው አንዳንድ አምራቾች የዓሣ ጀላቲን ይጠቀማሉ። ለሙስሊሙ እፎይታ ነው፤ ለዓሣ አለርጂ ላለበት ሰው ግን ቆም ብሎ ሐኪሙን የሚጠይቅበት ነገር ነው። አልኮል የሌለው የማልት መጠጥም እንዲሁ ነው። በድግሶቻችን ላይ የተለመደ ነው፤ «አልኮል የለበትም» ስንባል በቢስሚላህ እንጠጣለን። ማልቱ በአብዛኛው የበቀለ ገብስ ነው፤ ገብስ ደግሞ ግሉተን አለበት። ግሉተን ለተከለከለ ሰው የአልኮሉ መቅረት መልስ አይሆነውም።

ሦስቱን መለየት

በተለምዶ «አይስማማኝም» የምንለው ቃል ቢያንስ ሦስት የተለያዩ ነገሮችን በአንድ ከረጢት ይከታል። ሦስቱን አለመለየት አንዳንዱን አቅልለን፣ ሌላውን ደግሞ አጋንነን እንድናይ ያደርጋል።

የመጀመሪያው እውነተኛው የምግብ አለርጂ ነው። የሰውነት የመከላከያ ሥርዓት በምግቡ ውስጥ ያለን ፕሮቲን እንደ ጠላት ቆጥሮ ሲነሳበት የሚፈጠር ነው። ምልክቱ ብዙ ጊዜ ከተበላ በደቂቃዎች፣ ቢዘገይ በሰዓታት ውስጥ ይታያል፦ የቆዳ ማሳከክና ማበጥ፣ የከንፈርና የምላስ ማበጥ፣ ማስታወክ፣ የትንፋሽ መታፈን፣ የደም ግፊት መውረድ። ከባዱ ዓይነት አናፊላክሲስ ይባላል፤ ይገድላል። እዚህ ላይ «ትንሽ ነው» የሚባል ነገር የለም፤ የማንኪያ ጫፍ ያህል የሚበቃበት ሰው አለ።

ሁለተኛው ሴሊያክ ነው። ስንዴ፣ ገብስና ራይ የተባለው እህል ውስጥ ያለው ግሉተን የትንሹን አንጀት ግድግዳ እንዲጎዳ የሚያደርግ የዕድሜ ልክ ሕመም ነው። ወዲያው ትንፋሽ አያሳጣም፤ ነገር ግን ደም ማነስን፣ የሕፃናት አለማደግን፣ የአጥንት መሳሳትን ያመጣል። መድኃኒቱ አንድ ነው፤ ግሉተንን ፈጽሞ መተው።

ሦስተኛው የሆድ አለመስማማት ነው። ከሁሉ የሚታወቀው ላክቶስ የሚባለውን የወተት ስኳር መፍጨት አለመቻል ነው። ከዓለም ሕዝብ ሁለት ሦስተኛው ያህል ካደገ በኋላ ይህ አቅሙ ይቀንሳል። ሆድ ይነፋል፣ ያስቀምጣል፣ ያስቸግራል፤ ሕይወት ግን አያጠፋም። ብዙዎቹ ጥቂት ወተት ወይም እርጎ ቢወስዱ ምንም አይሆኑም።

የወተት አለርጂ ያለበት ልጅና ላክቶስ የማይስማማው አባት አንድ ቤት ውስጥ ቢኖሩ ሁለቱም «ወተት አይስማማኝም» ይላሉ። «ላክቶስ አልባ» የሚል ወተት ግን ለአባትየው መፍትሔ ሲሆን ለልጁ አደጋ ነው። ስኳሩ ተነሣ እንጂ የወተቱ ፕሮቲን እዚያው ነውና።

ሕጉ እንደየአገሩ ነው

ማሸጊያ ላይ የሚጻፈው ምርቱ የተሠራበት ወይም የሚሸጥበት አገር ሕግ ያስገደደውን ነው። ስለዚህ ጽሑፉን ማንበብ ብቻ አይበቃም፤ የየት አገር ጽሑፍ እንደሆነ ማወቅም ያስፈልጋል።

በአሜሪካ ሕግ ዋና የአለርጂ መነሻ ተብለው በግልጽ መጻፍ ያለባቸው ዘጠኝ ናቸው፦ ወተት፣ እንቁላል፣ ዓሣ፣ እንደ ሽሪምፕ ያሉ ቅርፊታም የባሕር እንስሳት፣ እንደ አልሞንድና ካሹ ያሉ የዛፍ ፍሬዎች፣ ኦቾሎኒ፣ ስንዴ፣ አኩሪ አተርና ሰሊጥ። የአውሮፓ ኅብረት ዝርዝር 14 ነው። ከእነዚህ በተጨማሪ ሴለሪን፣ ሰናፍጭን፣ ግብጦን፣ እንደ ቀንድ አውጣና ኦክቶፐስ ያሉ ለስላሳ አካል ያላቸውን እንስሳትና ሰልፋይትን ይጨምራል። ከስንዴ ሌላ ገብስና ራይንም በግሉተን ሥር ያካትታል።

ልዩነቱ የወረቀት ጉዳይ ብቻ አይደለም። አሜሪካ የሚኖር የሴሊያክ ሕመምተኛ «ስንዴ ይዟል» የሚል ጽሑፍ ስላላየ ብቻ ቢመገብ ሊጎዳ ይችላል፤ ሕጉ ገብስን እንደ ስንዴ ለይቶ እንዲጻፍ አያስገድድምና። «ማልት» የሚለውን ቃል ራሱ ፈልጎ ማግኘት አለበት። ግብጦና ሰናፍጭም ለእኛ የቤት ምግቦች ናቸው። ግብጦ የኦቾሎኒ አለርጂ ባለባቸው አንዳንድ ሰዎች ላይ ተመሳሳይ ምላሽ ሊያስነሳ ይችላል። አብሽም በዚሁ ይታወቃል፤ አብሽ ግን ከሁለቱም ዝርዝሮች ውስጥ የለም። «ቅመማ ቅመም» ተብሎ በጅምላ ሊጻፍ ይችላል።

የሰሊጥ ታሪክ ከሁሉም ያስተምራል። እ.ኤ.አ. በ2016 አንዲት የ15 ዓመት ብሪታንያዊት ልጅ ከአየር ማረፊያ የተገዛ ዳቦ በልታ ሞተች። ሊጡ ውስጥ ሰሊጥ ነበረበት፤ ማሸጊያው ግን አልተናገረም። በዚህ ምክንያት በልጅቷ ስም «የናታሻ ሕግ» የተባለው ደንብ ከጥቅምት 2021 ጀምሮ በሥራ ላይ ዋለ። እዚያው ሱቅ ውስጥ ተዘጋጅቶ የሚታሸግ ምግብ ሁሉ ሙሉ ዝርዝሩ እንዲጻፍበት ያስገድዳል። አሜሪካም በ2021 ባወጣችው ሕግ ሰሊጥን ከጥር 1 ቀን 2023 ጀምሮ ዘጠነኛ አድርጋ ጨመረች። ከዚያ በፊት ሰሊጥ «ቅመም» ወይም «ተፈጥሯዊ ማጣፈጫ» በሚል ስም ሥር መደበቅ ይችል ነበር። ዓለም አቀፉ የምግብ ደረጃ አውጪ ኮዴክስ አሊመንታሪየስም በ2024 የማሸጊያ ጽሑፍ ደረጃውን ሲያሻሽል ሰሊጥን በዋናዎቹ ውስጥ አስገብቶታል።

ሆኖም ሕግ ብቻውን አይበቃም። የአሜሪካው ሕግ ሲጸና አንዳንድ ዳቦ ቤቶች ማሽኖቻቸውን ከሰሊጥ ከማጽዳት ይልቅ ሆን ብለው ጥቂት የሰሊጥ ዱቄት ጨምረው «ሰሊጥ ይዟል» ብለው ጻፉ። በሕግ አልተከለከለም። ለዓመታት ያለ ሥጋት ይበላ የነበረ ዳቦ ግን በአንድ ጊዜ አደገኛ ሆነ። የዳቦው ስም አልተለወጠም፤ የማሸጊያው ቀለምም አልተለወጠም። የተለወጠው ዝርዝሩ ብቻ ነው። በሰሊጥ አምራችነቷ ለምትታወቅ አገር ልጆች ነገሩ እንግዳ ሊመስል ይችላል፤ ትምህርቱ ግን ቀላል ነው፦ ትናንት ያነበብነው ለዛሬ አያገለግልም።

ቋንቋው የሚደብቀው

በሳዑዲ፣ በኢማራት፣ በኩዌትና በኳታር የሚኖሩ ወገኖቻችን የሚያገኙት የታሸገ ምግብ ጽሑፉ ዓረብኛ ነው። ከመካከላቸው ብዙዎች ቁርኣን ስለቀሩ ፊደሉን ያነባሉ። ማንበብና መረዳት ግን ሁለት ናቸው፤ በዚህ መካከል ደግሞ ሰው የሚያሳስት ወጥመድ አለ።

በአማርኛ «ለውዝ» ስንል አብዛኞቻችን ኦቾሎኒን ማለታችን ነው። በዓረብኛ ግን «ለውዝ» አልሞንድ ነው። ኦቾሎኒ በዓረብኛ ብዙ ጊዜ «ፉል ሱዳኒ» ይባላል። ፉልን ባቄላ ብቻ አድርጎ የሚያውቅ ሰው «ባቄላ ነው» ብሎ ሊያልፈው ይችላል። የኦቾሎኒ አለርጂ ያለበት ሰው ማሸጊያው ላይ «ለውዝ» የሚለውን ቃል አላየሁም ብሎ ቢረጋጋ የሚበላው ኦቾሎኒ ሊሆን ይችላል። «ጀውዝ» ብቻውን ሲጻፍ ዋልነት ነው፤ «ጀውዝ ሂንዲ» ሲሆን ኮኮናት ይሆናል። «ፉስቱቅ» በብዙ አካባቢ ፒስታሽዮ ነው፤ በአንዳንዱ ዘንድ ግን ለኦቾሎኒም ይውላል። «ሲምሲም» ሰሊጥ፣ «ቀምሕ» ስንዴ፣ «ሐሊብ» ወተት፣ «በይድ» እንቁላል፣ «ሰመክ» ዓሣ፣ «ሸዒር» ገብስ፣ «ኸርደል» ሰናፍጭ፣ «ቱርሙስ» ግብጦ ነው። እነዚህን አሥር ያህል ቃላት በወረቀት ጽፎ ማቀዝቀዣው ላይ መለጠፍ ብዙ አያደክምም።

ጉዳዩ በሰው ቤት ለሚሠሩ እህቶቻችን ደግሞ እጥፍ ነው። የሌላ ሰው ልጅ በአደራ ይዘው ያበላሉ። ሕፃኑ አለርጂ እንዳለበት አሠሪዋ በቅጡ ካልነገረቻት ወይም የተነገራት ቃል ካልገባት፣ በቅን ልብ የሰጠችው ብስኩት መዘዝ ሊሆን ይችላል። ወደ ሥራ የሚሄዱ እህቶች ከሚሰጣቸው ሥልጠና ውስጥ ይህ ጥያቄ እንዲገባ መጠየቅ ተገቢ ነው፦ «ልጁ የማይበላው ምንድን ነው? ቢበላ ምን አደርጋለሁ? ማንን እጠራለሁ?» እዚያ ያሉትም በመጀመሪያው ቀን ሊጠይቁት የሚገባ ነው።

በእንግሊዝኛ የተጻፈውም ቢሆን የራሱ መደበቂያ ስሞች አሉት። «ኬሲን» እና «ዌይ» ወተት ናቸው። «አልቡሚን» እንቁላል ነው። «ሴሞሊና»፣ «ቡልጉር» እና «ኩስኩስ» ስንዴ ናቸው። «ታሂኒ» ሰሊጥ ነው። በአውሮፓ ገበያ የአለርጂ መነሻዎቹ ከሌላው ዝርዝር ደመቅ ተደርገው መጻፍ ስላለባቸው ዓይን ቶሎ ያገኛቸዋል። በአሜሪካ ምርት ላይ ብዙ ጊዜ ከዝርዝሩ በታች «ይዟል» የሚል ለብቻው የተጻፈ መስመር አለ። «ሊኖርበት ይችላል» የሚለው ማሳሰቢያ ግን በአብዛኛው በአምራቹ ፈቃድ የሚጻፍ ነው። መጻፉ ማስጠንቀቂያ ነው፤ አለመጻፉ ግን ዋስትና አይደለም።

ጽሑፍ የሌለው ምግብ

ትልቁ ክፍተት ያለው ከጽሑፉ ውጭ ነው። በሻንጣ የመጣው ጣፋጭ ከካርቶኑ ወጥቶ በሳህን ይቀርባል። በኪሎ የሚሸጠው ብስኩት ከትልቁ ማሸጊያ ወጥቶ በፌስታል ይታሰራል። ሚጥን ሽሮና በርበሬ በቤት ተዘጋጅቶ ያለ ዝርዝር ይሸጣል። ኮሎው ውስጥ ኦቾሎኒ፣ ሱፍና ገብስ አንድ ላይ ይቆላሉ። አንዳንዴም ከውጭ የመጣ ዕቃ ላይ የተለጠፈው የትርጉም ወረቀት የመጀመሪያውን ዝርዝር ይሸፍነዋል።

እንጀራም አለበት። ጤፍ ግሉተን የለውም፤ ይህ እውነት ነው። በአሜሪካና በአውሮፓ ሱቆች ታሽጎ የሚሸጥ እንጀራ ግን ብዙ ጊዜ የስንዴ ወይም የገብስ ዱቄት ይደባለቅበታል። «እንጀራ» የሚለው ስም ጤፍ ብቻ መሆኑን አይመሰክርም። ዝርዝሩን ማየት፣ ዝርዝር ከሌለው ጋጋሪዋን መጠየቅ ግድ ነው።

አገር ቤት ደግሞ ልጃቸው ወተት የማይስማማው ወላጆች «የጾም» የሚል ብስኩትና ኬክ የሚመርጡበት ጊዜ አለ። ሐሳቡ ጥሩ ነው፤ ግን ሙሉ መተማመኛ አይሆንም። የጾም ኬክና ባለ ወተት ኬክ በአንድ መጋገሪያ፣ በአንድ ዕቃ፣ በአንድ እጅ ሊሠሩ ይችላሉ። ለጾመኛው ሐሳቡ ይበቃዋል፤ አለርጂ ላለበት ልጅ ግን ቅሪቱም ይቆጠራል። ከሐላል ምልክት የተማርነው እዚህም ይሠራል፤ አንድ ምልክት የሚመልሰው የተዘጋጀለትን ጥያቄ ብቻ ነው።

«ይህ የፈረንጅ በሽታ ነው» ለሚሉ

የሚነሳ ተቃውሞ አለ። «እኛ ዘንድ አለርጂ የት አለ? ልጅ ሁሉን እየበላ ያድጋል» የሚል። በከፊል የሚገባ ነው፤ የምንበላው ከማሳና ከጓዳ በነበረ ጊዜ የምግቡን ማንነት የሚያውቅ ሰው ቤት ውስጥ ነበር። ዛሬ ግን በአንድ ብስኩት ውስጥ 20 ዓይነት ግብዓት ሊኖር ይችላል። ያልተመረመረ ሕመም ደግሞ የለም ማለት አይደለም። «ሾተላይ»፣ «ቡዳ» ወይም «አስም» ተብሎ የታለፈ ስንት ነገር እንደነበር ሐኪም ያላየው ቤት ሊናገር አይችልም።

በሌላ በኩል ማጋነንም ጉዳት አለው። በአንድ ጊዜ የሆድ ቁርጠት የተነሳ ልጅን ከወተት፣ ከእንቁላልና ከስንዴ ሁሉ የሚከለክል ወላጅ ልጁን ለምግብ እጥረት ሊያጋልጠው ይችላል። በኢንተርኔት የሚሸጡ፣ «አይጂጂ» የተባለውን የደም ፀረ እንግዳ አካል ለክተው «የማይስማሙህ 40 ምግቦች እነዚህ ናቸው» የሚሉ ምርመራዎችንም የአሜሪካና የአውሮፓ የአለርጂ ሐኪሞች ማኅበራት አይቀበሏቸውም። የሚለኩት ሰውየው ምግቡን መብላቱን እንጂ አለመስማማቱን አይደለምና። መንገዱ ግልጽ ነው፦ ምን እንደተበላ፣ ከስንት ደቂቃ በኋላ ምን እንደታየ መመዝገብና ወደ ሐኪም መሄድ። የተጠረጠረውን ምግብ ቤት ውስጥ እንደገና እያቀመሱ መሞከር ግን አደገኛ ነው።

የጋራ ማዕድ አደራ

ማዕዳችን የጋራ ነው። ኢፍጣር በመስጂድ ይቀርባል፤ ሰደቃ በየሰፈሩ ይታደላል፤ የመድረሳ ልጆች ከአንድ ትሪ ይበላሉ። ይህ መልካም ባህል እንዳለ ሆኖ፣ እንግዳን «ብላ ብላ» እያሉ መጫን ግን የታመመውን ሰው በይሉኝታ ይዘዋል። «ለመቅመስ ያህል ምን ትሆናለች?» የሚል አክስት ክፋት የላትም፤ ፍቅር ነው። ነገር ግን ያቺ ቅምሻ ሆስፒታል ልታደርስ ትችላለች።

ሸሪዓችን ነፍስን መጠበቅን ከዋና ዓላማዎቹ ይቆጥራል፤ ጉዳትን ማስወገድም በፊቅህ የታወቀ መርህ ነው። ምግብ ሐላል ብቻ ሳይሆን መልካምም እንዲሆን የሚፈለገው በዚሁ መንገድ ነው። ስለዚህ ለጋራ ማዕድ የታሸገ ነገር የሚያቀርብ ሰው ማሸጊያውን እስከ መጨረሻው አለመጣሉ፣ ከተምርና ከሳምቡሳው አጠገብ «ሰሊጥ አለበት»፣ «ኦቾሎኒ አለበት» የሚል ወረቀት ማስቀመጡ፣ ለሕፃናት የሚታደል ጣፋጭ ከሆነ አስቀድሞ ወላጅ መጠየቁ ከመስተንግዶው የሚቆጠር ነው። የመድረሳ ኡስታዞችም የትኛው ልጅ ምን እንደማይበላ ስም ዝርዝር ቢይዙ አንድ ገጽ ወረቀት ነው የሚፈጀው።

አደጋው ከደረሰ ደግሞ ሰዓት አይባክን። ትንፋሽ ማጠር፣ የድምፅ መለወጥ፣ የምላስ ማበጥ ወይም ራስን መሳት ከታየ መድኃኒቱ አድሬናሊን ነው፤ በጭን ጡንቻ ይወጋል። የማሳከክ ክኒን አይተካውም። ሰውየውን ጋደም አድርጎ፣ ትንፋሽ ከከበደው ቀና አድርጎ፣ በፍጥነት ወደ ጤና ተቋም ማድረስ ነው። ጾመኛ ቢሆንም የሚያመነታ ነገር የለም፤ ሕመም ለጾመኛ ፈቃድ ያለው ምክንያት ነው። ሰው ራሱን የሚወጋበት ዝግጁ መርፌ ከዓለም አገሮች በአንድ ሦስተኛው ያህል ብቻ እንደሚገኝ መታወቁ ደግሞ ለእኛ ዓይነቱ አገር አንድ ነገር ይነግረናል። መድኃኒቱ ሩቅ ከሆነ ዝርዝሩን ማንበብ የመጀመሪያው ብቻ ሳይሆን ዋናው መከላከያ ነው።

ከማን ምን ይጠበቃል?

ከቤተሰብ የሚጠበቀው ሦስት ጊዜ ማንበብ ነው፤ ሲገዙ፣ ቤት ሲያስገቡ፣ ሲያቀርቡ። የተለመደው ዕቃ ቢሆንም፣ መጠኑ ብቻ ቢለይም፣ የሌላ አገር ፋብሪካ ምርት ቢሆንም ማንበብ። ጽሑፉ በማይገባን ቋንቋ ከሆነ ወይም ጭራሽ ከሌለ አለርጂ ላለበት ሰው አለመስጠት። ስጦታ የምንልክም ከሆነ ካርቶኑን ሳንቀዳድድ መላክ።

ከነጋዴው የሚጠበቀው ከትልቁ ማሸጊያ አውጥቶ ሲሸጥ ዝርዝሩን ፎቶ አንስቶ ሱቁ ውስጥ ማኖር ነው። ወጪ የለውም። ሽሮና በርበሬ አሽገው የሚሸጡ እህቶችም ምን እንደገባበት በአማርኛ ቢጽፉ ለገበያቸውም ይጠቅማቸዋል፤ የተጻፈበት ዕቃ ይታመናልና።

ከተቋማት የሚጠበቀው ይከብዳል። በአዋጅ ቁጥር 1112/2011 የተሰጠው ሥልጣን ያለው የምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን፣ የምግብ ዝርዝር ትክክለኛ መሆኑን ከመቆጣጠር ጋር የአለርጂ መነሻዎች ሰው በሚገባው ቋንቋ ጎልተው እንዲጻፉ ሊሠራ ይገባል። የሐላል ማረጋገጫ የሚሰጠው የኢትዮጵያ እስልምና ጉዳዮች ጠቅላይ ምክር ቤት ደግሞ ሌላው የሌለው ዕድል አለው። ለሐላል ማረጋገጫ ሲባል የግብዓቱ ምንጭ አንድ በአንድ ይጠየቃል። ያው ወረቀት በእጅ እያለ «ከእነዚህ ውስጥ ወተት፣ ሰሊጥ፣ ኦቾሎኒ፣ ስንዴ የትኛው አለ? ማሸጊያው ላይ ተጽፏል ወይ? በዚያው ማሽን ሌላ ምን ይመረታል?» ብሎ መጠየቅ ተጨማሪ ፋብሪካ መጎብኘት አይጠይቅም። የሐላል ምልክቱ የአለርጂ ዋስትና ይሁን ማለት አይደለም፤ እንደዚያ ከተባለ ሰው ማንበቡን ይተዋል። ምልክቱ ያለበት ዕቃ ግን ዝርዝሩ የተሟላ ይሁን ማለት ነው።

ሙስሊሙ ማኅበረሰብ በየአገሩ የሐላል ጽሑፍ እንዲኖር ጠይቆ፣ ታግሎ፣ ብዙ ቦታ ተሳክቶለታል። አምራቾች ጽሑፉን የጨመሩት ገዢው ስለጠየቀ ነው። ዛሬም ባለ ሱቁን «ሐላል ነው?» ብለን ስንጠይቅ «በውስጡ ምን አለ?» የሚለውን ብናስከትል፣ ነገ ያ ጥያቄ ማሸጊያው ላይ መልስ ያገኛል። እስከዚያው ግን የዘንድሮው ዒድ ከመድረሱ በፊት ጓዳችን ውስጥ ያለውን ጣፋጭ ገልበጥ አድርገን እንየው። ከእንግዶቻችን መካከል ሰሊጥ ወይም ኦቾሎኒ የማይበላ ልጅ ማን እንደሆነ እንጠይቅ። አላህ ልጆቻችንን ይጠብቅልን፤ እኛም ሰበቡን እናድርስ።